ዎርድፕረስ ለይዘት ፈጣሪዎች፦ ነጻነቱና ሸክሙ

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕረስ ነጻና ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር በመሆኑ፣ ይዘት ፈጣሪው በመረጠው ሰርቨር (ድረ ገጹን በኢንተርኔት በሚያቀርብ ኮምፒውተር) ላይ ጭኖ በራሱ ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ሥራውን እንዲያቀርብ ያስችለዋል። የአጫጭር ቪዲዮ መተግበሪያው ቫይን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲዘጋ፣ በስድስት ሰከንድ ቪዲዮዎች የተሰባሰበው የተከታይ ብዛት አብሮ እንደ ቀረ ለሚያስታውስ ሰው፣ ጽሑፎቹንና ገጾቹን በፋይል አውጥቶ ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር መቻሉ ከማንኛውም ውብ ንድፍ ይበልጣል (የፎቶ ፋይሎቹን ግን ለብቻ መቅዳት ይበጃል)። አጫጫኑ ቀላል ነው፤ ጥገናው ግን አይደለም። ማሻሻያዎችን በወቅቱ አለመጫን፣ በተለይም ሠሪዎቻቸው የተዉአቸውን ፕለጊኖች (ተግባር የሚጨምሩ ቅጥያዎች) ማቆየት፣ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል፤ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝም የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ዎርድፕረስ አንባቢን በራሱ ስለማያመጣም፣ እኔ ማኅበራዊ ሚዲያውን ለማስተዋወቂያ ብቻ እየተጠቀምኩ ዋናውን ሥራ እዚህ አኖራለሁ።