የማግኔት ዋልታና የውሃ ዋልታ

ፊዚክስም ኬሚስትሪም “ዋልታ” ይላሉ፤ የሚሉት ግን አንድ ነገር አይደለም። ማግኔትን ከመሃሉ ብንቆርጠው ሰሜኑን ከደቡቡ መነጠል አንችልም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ሁለት ዋልታዎች ይዞ ይገኛል። የፊዚክስ ሊቁ ፖል ዲራክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ስለ ነጠላ የማግኔት ዋልታ በሒሳብ ቢያስረዳም፣ መኖሩ እስከ ዛሬ በሙከራ አልተረጋገጠም።

የውሃ ሞለኪውል ዋልታ ግን ከኤሌክትሮኖች ያልተመጣጠነ ክፍፍል ይመጣል። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን አጥብቆ ወደ ራሱ ስለሚስብ በመጠኑ አሉታዊ፣ ሃይድሮጅኖቹ ደግሞ በመጠኑ አዎንታዊ ይሆናሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የቅርጽ ሚና ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድም ውስጥ ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይስባል፤ ሆኖም ሞለኪውሉ ቀጥ ያለ በመሆኑ በግራና በቀኝ ያሉት ስበቶች ይሰራረዛሉ፤ ሞለኪውሉም ዋልታ አልባ ይሆናል። ውሃ ግን 104.5 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ሠርቶ የታጠፈ ነው፤ ስለዚህ ዋልታው አይጠፋም። ይህች መታጠፍ ባትኖር ውሃ ጨውን እንዲህ አያሟሟም ነበር።

በማግኔት የማይቻለው መለያየት እዚህ ይቻላል፦ ጨው ሲሟሟ አዎንታዊው ሶዲየምና አሉታዊው ክሎራይድ እያንዳንዳቸው በውሃ ሞለኪውሎች ተከበው ለየብቻ ይንሳፈፋሉ።