የካራ ጎረቤቶቼ፣ የቤታችሁን ሽቦ ለዚህ ልጅ አሳዩት

አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ላመሰግን ነው። ስሜን አትጥቀሺ ስላለኝ አልጠራውም።

ቤታችንን አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1985 ዓ.ም. ነው የሠራው። ሽቦውም የዚያኑ ጊዜ ነው። ያኔ የነበረን ጥቂት አምፖል፣ አንድ ቴፕና አንድ ካውያ ነበር። ዛሬ ፍሪጅ አለ፣ ውሃ ማሞቂያ አለ፣ ከሁሉም በላይ ምጣድ አለ።

ከፋሲካ ዋዜማ ጀምሮ እማዬ እንጀራ ስትጋግር ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረን። የጠራነው ሰው የ16 አምፔሩን አውጥቶ 32 ተከለበትና ሄደ። መውደቁ ቆመ። ደስ አለን። ቆይቶ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተን ጀመር።

ይሄ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው ያንን ብሬከር ነው። "እማማ፣ ብሬከሩ የሚወድቀው ሽቦውን ለማዳን ነው። ሽቦው ሳይለወጥ እሱን ማሳደግ ዘበኛ አባርሮ እንደመተኛት ነው" አላት። ምጣዳችን 3500 ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። የሚሄድበት ሽቦ ደግሞ ለመብራት የሚሆነው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቀጭን ሽቦ ነበር።

ሽቦ ስንት ዓመት ያገለግላል ብዬ ጠየቅሁት። በደንብ የተዘረጋ ከሆነ 30 ዓመትም ከዚያ በላይም ይቆያል፣ ቶሎ የሚጨርሰው ሙቀት ነው አለኝ። የተለመደው ሽቦ ልባሱ 70 ዲግሪ እንዲችል ነው የሚሠራው። ከቆርቆሮ ሥር እየጋለ፣ ከአቅሙ በላይ እየተጫነ ሲኖር ይደርቃል። ከኮርኒስ ያወረደውን ሽቦ አጠፍ ሳደርገው ልባሱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረካከሰ። መጋጠሚያዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ የተጠቀለሉ ናቸው። አንዱ ከስሏል። ልክ ከእማዬ አልጋ በላይ! ጉልበቴ ከዳኝ።

እንደዚያ ፈርተን ሳለ ሁሉም ይቀየር ቢለን እሺ ነበር የምንለው። አላለም። መብራት አጥፍቶ፣ ዕቃውን ሁሉ ነቅሎ፣ እያንዳንዱን መስመር የሽቦ ልባስ መፈተሻ በሆነው በሜገር ለካ። መሣሪያው 500 ቮልት ይልካል፤ ንባቡ ከ1 ሜጋኦም ከወረደ ልባሱ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ጀምሯል ማለት ነው። ግድግዳ ውስጥ በቱቦ የገባው ሽቦ ደህና ሆኖ ተገኘ። "ይሄ ይቆይ፣ ብራችሁን አታባክኑ" አለን። የኮርኒሱን ቀየረ። ለምጣዱ ወፍራሙን ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ለብቻው ዘረጋ። ያልነበረንን የመሬት መስመርም ግቢ ውስጥ ቀበረልን። በየብሬከሩ ላይ "ምጣድ"፣ "ሳሎን" እያለ ለእማዬ ዓይን እንዲመች በትልቁ ጽፎ ለጠፈ።

ሁለት ቀን ፈጀበት። ቀድሞ ከነገረን ዋጋ ላይ አንድ ብር አልጨመረም።

ሰፈራችን በዚያ ዘመን የተሠሩ ቤቶች ሞልተውበታል። ምጣድ ሲሰካ መብራት የሚደበዝዝባችሁ፣ ሶኬት የሚግልባችሁ ካላችሁ አትቆዩ፣ አስለኩት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልክላችኋለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፦ እማዬ ሐሙስ ዕለት ጋግራ ስትጨርስ ሶኬቱን ዳሰሰችው። ቀዝቃዛ ነው በይልኝ ብላለች።