ፓይንፑት፦ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኦልትን ለመከታተል ምን ያህል ያስተማምናል?

ተጠቃሚው ሌላ ፕሮግራም ላይ እየሠራም ቢሆን የቁልፍ ጥምረት መያዝ ለሚፈልግ የፓይተን ፕሮግራም ፓይንፑት ጥሩ ላይብረሪ ነው። ፒፕ በሚባለው የፓይተን መጫኛ ይጫናል፤ ከዚያ ቁልፍ ሲጫንና ሲለቀቅ የሚጠሩ ሁለት ፈንክሽኖች መስጠት ይበቃል። ሥራችሁ በራሳችሁ መስኮት ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ ከፓይተን ጋር የሚመጣው የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪ ቲኪንተር ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጋር የሺፍትንና የኮንትሮልን ሁኔታ በቁጥር ይልካል (ሺፍት 1፣ ኮንትሮል 4)።

ዋናው ጉድለቱ «ኮንትሮል አሁን ተይዟል?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ የሌለው መሆኑ ነው። ቁልፍ እንደተጫነ አድርጎ የሚልከው፣ ኮንትሮለር የሚባለው ክፍሉ ሺፍት መጫኑን የሚናገር ይመስላል፤ የሚያውቀው ግን ራሱ የላካቸውን ቁልፎች ብቻ ነው። ስለዚህ የተጫኑትን ቁልፎች መዝገብ ራሳችሁ ትይዛላችሁ፦ ሲጫን መጨመር፣ ሲለቀቅ ማውጣት። በቆጣሪ አትሞክሩት፤ ተይዞ የቆየ ቁልፍ ደጋግሞ ስለሚላክ ቁጥሩ ይዛባል። ዊንዶውስ ላይ የግራው ሺፍት እንዲሁ «ሺፍት» ተብሎ ሲመጣ የግራው ኮንትሮል ግን «ኮንትሮል ኤል» (ኤል ግራ ማለት ነው) ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ይህን ያልጠበቀ ኮድ ግማሹን ይስታል።

መዝገቡም ይሳሳታል። የዊንዶውስን ቁልፍና ኤልን ተጭኖ ስክሪኑን የቆለፈ ሰው ጣቱን ሲያነሳ ፓይንፑት አያይም፤ ሲመለስ ቁልፉ እንደተጫነ ይቆጠራል። መፍትሔው ሲታይፕስ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ በኩል «ጌት ኤሲንክ ኪ ስቴት» የሚባለውን የዊንዶውስ ፈንክሽን በቁልፉ ኮድ መጠየቅ ነው፦ ሺፍት 16፣ ኮንትሮል 17፣ ኦልት 18። ከመልሱ ቁልፉ አሁን መጫኑን የሚናገረውን የ32768ን ቢት ብቻ ተመልከቱ።

በአማርኛ ለሚጽፉ ተጠቃሚዎች ደግሞ ፊደል አታወዳድሩ። ኮንትሮልና ሲ አብረው ሲጫኑ ዊንዶውስ ላይ «ሲ» ሳይሆን የቁጥጥር ምልክት ነው የሚደርሳችሁ፤ ኪቦርዱ ወደ ግዕዝ ፊደል ከተቀየረማ ላቲኑን «ሲ» የሚጠብቅ ኮድ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። የቁልፉን ኮድ አወዳድሩ፤ ዊንዶውስ ላይ የሲ 67 ነው።

ለፓይንፑት የሰጣችሁት ፈንክሽን ውስጥ ከባድ ሥራ አታስገቡ፤ ዊንዶውስ ላይ የኮምፒውተሩን ኪቦርድ በሙሉ ሊያንቀራፍፍ ይችላል። መልእክቱን ወረፋ ላይ አስቀምጡና ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራሙ ክፍል) ይሥራው። ማክ ላይ የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ ካልተሰጠ ፕሮግራሙ ሳይቆም ማስጠንቀቂያ ብቻ ይጽፋል፤ ቁልፍ አልመጣ ሲላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ። ሊኑክስ ዌይላንድ በሚባለው አዲሱ የመስኮት ሥርዓት ከሆነ፣ ለቀድሞው ሥርዓት የተሠሩትን በሚያስኬደው በኤክስዌይላንድ ከሚሠሩ ፕሮግራሞች ውጪ የተጫነውን አይሰማም፤ ዩኢንፑት የሚባለው የፓይንፑት ሌላ አማራጭም የሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን ስለሚጠይቅ ለተራ ተጠቃሚ በሚሰጥ ፕሮግራም ላይ አልመክረውም።