የልጆቹን ካርቱን ለእኛ ለትልልቆቹ ያደረሰችልን እህት

ሰላም ወገኖቼ። በሜሪላንድ፣ በዲሲና በቨርጂኒያ ያላችሁ ሁሉ ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምታስተምሩ፣ ለልጆች መጽሐፍ ወይም ካርቱን የምትሠሩ፣ ለፍታችሁ የሚያይላችሁ ያጣችሁ። የጻፍኩት አንዲት እህትን ለማመስገን ነው። አመስግኜ ብቻም አልተውም፤ እናንተም እንድታሠሯት እጠቁማለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ልጆቻችንን አማርኛ የምናስተምር ጥቂት ወላጆች ነን። ልጆቹ የሚያዩት ካርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አንድ የበዓል ልዩ ዝግጅት እንሥራላቸው ተባባልን። ከመካከላችን አንዱ አኒሜሽን ይችላል፣ አንዷ ሙዚቃ ትችላለች። የአያ ጅቦን ድምፅ የሠሩልን የ74 ዓመት እናት ናቸው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። አያ ጅቦና እመት ጦጢት ያሉበት 22 ደቂቃ የሚፈጅ ካርቱን ሠራን። ሌሊት ሌሊት፣ ከሥራ መልስ፣ 14 ወር ፈጀብን።

ለገና አሳየነው። 180 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተከራየን። ፖስተሩ ላይ ፊኛና ከረሜላ ነበረበት፤ ከላይ በትልቁ «ልጆች፣ ኑ!» ይላል። ሰዓቱ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። የመጣው 31 ሰው ነው። ከዚያ ውስጥ 12ቱ እኛው ነን። ሁለት ሦስት አባቶች ልጆቻቸውን በር ላይ አድርሰው መኪናቸው ውስጥ ጠበቁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ማስታወቂያውን እሠራለሁ ያለ አንድ ሰው ቀብድ ተቀብሎን ድምፁ ጠፍቷል። ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ። እማማ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባዶውን ወንበር ሲያዩ አየኋቸው። ያ ነው የከበደኝ።

ከእነዚያ 31 ሰዎች አንዷ ይህች እህት ነበረች። ልጅ የላትም። ብቻዋን ነው የመጣችው። ሲያልቅ ወደ እኔ መጣችና «ጋሼ፣ ይሄንን ለማን ነው የሠራችሁት?» አለችኝ።

«ለልጆች ነዋ።»

«እኔ ግን አለቀስኩ» አለች።

ማስታወቂያና ማርኬቲንግ ሥራዋ እንደሆነ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንቱ ደወለችልኝ። ዋጋ ከመናገሯ በፊት ካርቱኑን እንደገና ማየት እፈልጋለሁ አለች። ላክንላት። ሦስት ጊዜ አይታ፣ በየደቂቃው ምን እንደተሰማት በወረቀት ጽፋ መጣች። ይህን ያደረገልን ሌላ ሰው የለም። ቀብዱን ይዞ የጠፋው ሰው ካርቱኑን አንድ ጊዜ እንኳ አላየውም ነበር።

ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን አንድ ነገር አጫወተችን። እ.ኤ.አ. በ2019 ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ባልቲሞር አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራ ነበር። ከተማው በድንገት ባለቀለም ዊግና የፈረስ ጆሮ ባደረጉ ትልልቅ ሰዎች ተሞላ። ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ብሮኒኮን የሚባለው ጉባኤ ነው። «ማይ ሊትል ፖኒ» የተባለውን የፈረሶች ካርቱን የሚወዱ አዋቂዎች የሚሰበሰቡበት ነው። በ2011 ተጀምሮ፣ ያን ዓመት ለመጨረሻ ጊዜ ባልቲሞር የስብሰባ ማዕከል ውስጥ ተካሄደ። ካርቱኑ በ2010 በአዲስ መልክ ሲጀመር የታሰበው ለትንንሽ ሴት ልጆች ነበር። እሷ ግን በዓይኗ ያየችው ክፍል ተከራይተው፣ ልብስ አሰፍተው፣ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ነድተው የመጡ ሰዎችን ነው። «ልጅ አልያዙም» አለችን። «የማንም አጃቢ ሆነው አልመጡም። ለራሳቸው ነው የመጡት።»

አጃቢ የምትለዋ ቃል እኔን ነካችኝ። የእኛ ፖስተር ትልቁን ሰው የጠራው ሹፌር አድርጎ ነበር። ልጅህን አምጣ፣ ክፈል፣ ጠብቅ፣ መልስ። መኪና ውስጥ የቀሩት አባቶች ምን አጠፉ? የተጠሩት ለዚያው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዋ «ብሉዊ» ነው። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ የአውስትራሊያ፣ የብሪዝበን ከተማ ካርቱን ነው። አንዱ ክፍል 7 ደቂቃ ያህል ነው። በ2024 ሚያዝያ ላይ ግን 28 ደቂቃ የሚፈጅ ልዩ ዝግጅት አወጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ አጭር ክፍል ታይቶ ነበር። መጨረሻው ላይ የብሉዊ ቤት ደጃፍ «ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ ይታያል። በቃ። ልጁ ሰሌዳውን ያየዋል፣ ያልፈዋል። እናትና አባት ግን ደነገጡ። ቤት መሸጥ፣ ለሥራ ብሎ ሠፈር መልቀቅ ምን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያወሩት ሰነበቱ። ልዩ ዝግጅቱ በአውስትራሊያ ኤቢሲና በዲዝኒ ፕላስ በአንድ ቀን ሲወጣ፣ ልጆቻቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ለራሳቸው ብለው ያዩት ብዙ ናቸው። እኔም ከልጄ ጋር አይቼዋለሁ። ሀገሬን ለቅቄ የመጣሁ ሰው ነኝና ልጄ እያየችኝ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

«የእኛ ሰሌዳ ምንድነው?» ብላ ጠየቀችን። ልጁ አይቶት የሚያልፈው፣ ትልቁ ሰው ግን የማያልፈው ነገር።

መልሱን ያገኘችው ራሷ ናት። አዲሱ ፖስተር መጣ። ፊኛ የለም። ከረሜላ የለም። ጥቁር ሰማያዊ መደብ፣ አንድ ኩራዝ፣ ከኩራዙ አጠገብ የአያ ጅቦ ጥላ። ጽሑፉ ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«ተረት ተረት…»

ከሥሩ ባዶ መስመር አለ። ቀኑና ቦታው በትንንሽ ፊደል ታች ተጽፏል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን መልሱን አያውቁትም። እኛ ግን ፖስተሩን አይቶ በሆዱ «የላም በረት» ሳይል ያለፈ ሰው አላውቅም። ፌስቡክ ላይ ስትለጥፈው በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ከሥሩ «የላም በረት» ብሎ ይጽፍ ጀመር። እንጀራ የምገዛበት ሱቅ ውስጥ ባለቤቱ መስታወቱ ላይ ለጥፎት፣ ገዢዎቹ እያነበቡ ጮክ ብለው ሲመልሱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አንድ ጥያቄ አወጣች። «ተረት የነገረሽ ማን ነው? የነገረህስ?» የልጅነት ፎቶ ያለው ከፎቶው ጋር እንዲለጥፍ ጋበዘች። አቤት የመጣው! የአያት ስም፣ የሞግዚት ስም፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሐረር ሠፈር ስም። አንድ ታክሲ ነጂ የአክስቱን ጉርድ ፎቶ ለጥፎ የጻፈውን አንብቤ ሌሊቱን ስለ እናቴ ሳስብ አደርኩ። ብዙዎች ደግሞ አባባ ተስፋዬን አነሱ። ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት የነገሩን ሰው ናቸው፣ በ2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት። «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉን ከቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጥነው ልጆች ዛሬ የ40 እና የ50 ዓመት ሰዎች ነን። ከቡድናችን አንዱ የእሳቸውን ፎቶ ፖስተሩ ላይ እናድርግ አለ። እሷ እምቢ አለች። «ቤተሰባቸውን ሳናስፈቅድ አይሆንም። ሰውም የሚመጣው ለእናንተ ሥራ ይሁን» አለች። ይህን ስትል ይበልጥ አመንኳት።

ሹፌሮቻችንንም አልረሳችም። የእኛ ሰው ግማሽ ቀኑን መሪ ላይ ነው፤ ቪዲዮ ማየት አይችልም። ስለዚህ 40 ሰከንድ የሆነ የድምፅ ማስታወቂያ ሠራች። እማማ በአያ ጅቦ ድምፅ ይጠሩናል። በዋትስአፕና በቴሌግራም ተላከ። ቨርጂኒያ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ወንድሞች እርስ በርስ ሲላላኩት ሰነበቱ።

አሁን የምለው ለካርቱን ሠሪዎች ይጠቅማል። ዩቲዩብ ላይ የልጆች ሥራ ስትጭኑ «ለልጆች የተዘጋጀ» ብላችሁ ምልክት ማድረግ አለባችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ የሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ አለ። በ2019 ጉግልና ዩቲዩብ በዚሁ ጉዳይ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከተስማሙ በኋላ ደንቡ ጠበቀ። ምልክቱን ስታደርጉ አስተያየት መስጫው ይዘጋል፣ ተመልካቹን እየለየ የሚሄደው ማስታወቂያም ይቀራል። እኛ ይህን ፈርተን ምልክቱን እንተወው ብለን ነበር። አልተቀበለችንም። ሥራውን ለሁለት ከፈለችው። ካርቱኑና ከእሱ የተቀነጨበው ሁሉ ለልጆች ተብሎ ተጫነ። ለአዋቂ ደግሞ ሌላ ቪዲዮ ተሠራ። እማማ ስቱዲዮ ውስጥ ጅብ ሲሆኑ፣ ሠዓሊው የጎንደርን ቤት ከአባቱ ፎቶ ሲስል፣ እኛ ስንከራከር። ያኛው የአዋቂ ቪዲዮ ነውና አስተያየት መስጫው ክፍት ሆነ፤ ትኬቱም የተሸጠው ከእሱ ሥር ነው። ሕጉን ጠብቃ፣ ማንንም ሳታታልል።

አንድ መስመር ደግሞ ከመጀመሪያው አስምራለች። ለአዋቂ የተሠራ ማስታወቂያ ቢሆንም የአምስት ዓመት ልጅ ቢያየው የማያሳፍር መሆን አለበት። አንድ ሰው ጦጢትን በሆነ የቡና ቤት ቀልድ ውስጥ እናስገባት ብሎ ነበር። «ልጆቹ ነገ ስሟን ፈልገው ይህን ያገኙታል» ብላ ዘጋችው። የልጆች ፊትም ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አላወጣችም።

ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ቅዳሜ ሁለት ጊዜ አሳየን። ጠዋት 4 ሰዓት ለቤተሰብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ለአዋቂ። የምሽቱ ትኬት ላይ «ልጅ ሳትይዙም ኑ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። 22 ደቂቃ ለአንድ ምሽት ያንሳል ብለን ሰግተን ነበር። እሷ ግን ቡና አስፈላች፣ እማማን መብራት አደብዝዛ መድረክ ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጠች፣ ካርቱኑ ከመጀመሩ በፊት አንድ ተረት አስነገረቻቸው። እማማ «ተረት ተረት» ሲሉ 180 ሰው በአንድ ድምፅ መለሰ። እማማ ትንሽ ዝም አሉ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አየሁ። ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አሉ፤ ያኔ ድፎ ዳቦው ተቆርሶ ገባ። ከውጭ ቆመው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። መኪና ውስጥ የጠበቀ አባት ግን አላየሁም።

እንግዲህ ለምትፈልጓት። ስሟን እዚህ ያላወጣሁት ራሷ ስለለመነችኝ ነው። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ዋጋዋ መካከለኛ ነው፤ በሦስት ጊዜ ነው የምትቀበለው፣ የመጨረሻውን ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ። ውሉ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። ቀን ሌላ ሥራ ስላላት ስልክ የምታነሳው ማታ ነው፤ በዚህ አትከፉባት። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ስጧት። ለነገ ወዲያ አድርሺልኝ ብትሏት አትቀበልም። ሥራችሁንም ካልወደደችው በግልጽ ትነግራችኋለች። እኛን የመጀመሪያው ፖስተራችሁ ልጆቹንም አይጋብዝም ብላናለች፤ ትክክል ነበረች።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ያን ምሽት በር ላይ ትኬት ስትቀበይ አመሸሽና ዳቦው ሳይደርስሽ ቀረ። ቅዳሜ ባለቤቴ ድፎ ትደፋለች። እማማም ይመጣሉ፤ ወንበርሽን ይዘውልሻል።