«ይለመዳል» የተባለው የፍሬን ሸራ ከወራት በኋላ

መኪናው ቶዮታ ቪትዝ ነው። ሸራው ጎንደር ከሚገኝ የመለዋወጫ ሱቅ የተገዛ፣ የብረት ብናኝ የበዛበት የፊት ፍሬን ሸራ ነው። ማቆሙን በደንብ ያቆማል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወረድም ሆነ ሰው ሞልቶ ከጎሃ ቁልቁል ሲመጣ ፔዳሉ አይሰምጥም፣ መሪውም ወደ ጎን አይስብም። ስለ ማቆሙ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ ጩኸቱ ነው። በዝግታ እየሄዱ ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ሲነኩት መንገደኛውን ሁሉ ዞር የሚያስብል ቀጭን ፉጨት ያወጣ ነበር፤ ጠንከር ተደርጎ ሲረገጥ ግን ዝም ይላል።

የሻጩ መልስ የታወቀ ነው፦ «አዲስ ሸራ መጀመሪያ ይጮሃል፣ ሲለመድ ይተዋል።» አይተውም፣ ወንድሜ። አዲስ ሸራ ከጎማው ጋር ከሚዞረው የብረት ዲስክ ጋር እስኪገጥም ድረስ መቶ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ቢያሰማ ያለ ነው። ከዚያ በኋላም የሚጮህ ከሆነ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ደግሞ ይታያል፣ በእጅም ይዳሰሳል።

ሸራው ዲስኩን በአንድ ወጥ ኃይል አይዝም። ይይዛል፣ ያመልጠዋል፣ መልሶ ይይዛል፤ ይህ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ሲደጋገም ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ይሆናል። የማሲንቆ ደጋን ጭራውን የሚያስጮኸው በዚሁ መንገድ ነው። ፍሬኑ በቀስታ ሲነካ ሸራው እሱን አቅፎ በሚይዘው ካሊፐር ውስጥ ለመንቀጥቀጥ ቦታ ያገኛል፤ በኃይል ሲረገጥ ግን ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን አጥብቆ ስለሚይዘው መንቀጥቀጡን ይተዋል። ስለዚህ በለስላሳ ፍሬን የሚጮህና በጠንካራው ዝም የሚል ሸራ ማለቁን ሳይሆን ልቅ መቀመጡን ነው የሚናገረው።

ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ከሸራው ጀርባ፣ በሸራውና በፒስቶኑ መካከል፣ ስስ ላሜራ ያስገባል። ላሜራው ብዙውን ጊዜ አንድ ፊቱ ጎማ የተቀባ ነው፤ ንዝረቱን የሚውጠው እሱ ነው። የሸራው ጆሮዎች፣ ማለትም የብረቱ ሁለት ጫፎች፣ የሚንሸራተቱባቸው የማይዝጉ ክሊፖችም አሉ። እኔ የገዛሁት ሳጥን ውስጥ የነበሩት አራት ሸራዎች ብቻ ናቸው። የላሜራው ምላሶች የሚነክሱበት ቦታ በሸራው ብረት ላይ ተቀርጿል፤ ላሜራው ግን የለም። ሸራው ሲወጣ ደግሞ የፒስቶኑ አፍ በጀርባው ቀለም ላይ ክብ ቀለበት አትሟል፤ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያብረቀርቃል። ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነበር ማለት ነው። ይህን ይዞ ሄዶ «እስቲ ይሄ ምኑ ነው የሚለመደው?» ብሎ ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

ጋራዡም ከወቀሳ አያመልጥም። አሮጌው ሸራ ሲወጣ ላሜራውና ክሊፑ «አሮጌ ነው» ተብለው አብረው ይጣላሉ። ያልዛገ፣ ያልተጣመመና ጎማው ያልተላጠ ላሜራ ታጥቦ ይመለሳል። ሸራ ስታስቀይሩ አጠገቡ ቁሙና አስቀምጥልኝ በሉት።

ማስተካከያው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ የኋላ ጎማውን ታኮ ማድረግ፣ በክሪክ ካነሱ በኋላም ጠንካራ መደገፊያ ማስገባት። በክሪክ ብቻ ተማምኖ መኪና ሥር እጅ አይገባም። ጎማው ከወለቀ በኋላ የካሊፐሩን የታችኛውን ቡሎን ፈቶ ካሊፐሩን ወደ ላይ ማጠፍ፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በሽቦ ይታሰር እንጂ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል። ጆሮዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ዝገቱ እስኪለቅ መፈተግ፣ ክሊፖቹን ማስገባት፣ ሸራው በእጅ ተገፍቶ መንሸራተቱን ማየት። በመዶሻ ብቻ የሚገባ ከሆነ ቦታው ገና አልጸዳም። ላሜራውን ከሸራው ጀርባ ማስያዝ። ፒስቶኑ በሞርሳ በቀስታ ሲገፋ የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከፍ ይላልና ሞልቶ እንዳይፈስ አስቀድሞ ትንሽ ቀድቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይበላዋል።

ግራሶ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለፍሬን የሚሆነው ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ በላሜራው ጀርባ፣ በጆሮዎቹና ካሊፐሩ በሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ላይ በስሱ ይቀባል። የኩሽኔታ ግራሶ የፒኖቹን ጎሚኒ (የጎማ ሽፋን) ያሳብጠዋል፣ ሲሞቅም ይቀልጣል። ጎሚኒው ያበጠበት ፒን ይነክሳል፤ ፒኑ ሲነክስ የውስጠኛው ሸራ ከውጪኛው ቀድሞ ያልቃል፣ ቸርኬውም ከሌላው ጎን ይልቅ ይግላል። በሸራው ፊትና በዲስኩ ላይ ምንም ዓይነት ቅባት አይነካም። ጩኸት እንዲያቆም ብሎ ዲስክ ላይ ዘይት ጠብ የሚያደርግ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ ደንግጫለሁ፤ ያ ሰው የሚያጠፋው ድምፁን ሳይሆን ፍሬኑን ነው።

የጎማው ቡሎኖች በመስቀለኛ ተራ ይጠብቃሉ፤ ለቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ ማስለመዱ ይመጣል፤ ሻጩ «ይለመዳል» ያለው እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ጭር ባለ ሰዓት፣ በሜዳው መንገድ፣ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ በመካከለኛ ኃይል መቀነስ፤ በየመሀሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል እየነዱ ማብረድ። በጋለ ዲስክ ላይ ፍሬን ረግጦ መቆም የሸራውን አሻራ በአንድ ቦታ ይተዋል፣ በኋላም ፔዳሉ እግር ሥር ይመታል።

ላሜራው ከገባ ወዲህ የቀረው ድምፅ የሸራው አይደለም። በክረምት ጠዋት የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ሌሊቱን ዲስኩ ላይ ያደረ ዝገት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። ከኮብልስቶን መንገድ በኋላ ፍሬን ሳይነካ የሚጮህ ብረታማ ጭረት ካለ በዲስኩና በአቧራ መከላከያው ቆርቆሮ መካከል የገባች ጠጠር ናት፤ ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ገፋ ማድረግ ይበቃል።

ሁለት ድምፆች ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም። ፍሬን ሳይያዝ የሚያፏጨውና ሲያዝ የሚለወጠው የሸራውን ማለቅ የምታመለክተው ትንሿ የብረት ምላስ ድምፅ ነው፤ ሸራው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ምላሷ ዲስኩን ትነካለች። ሸራው አዲስ ሆኖ ይህ ከተሰማ ምላሷ ታጥፋለች ወይም ሸራው በተሳሳተ ቦታ ገብቷል። ምላስ ያለበት ሸራ በአብዛኛው የሚቀመጠው በፒስቶኑ በኩል ነው። ሁለተኛው መፋቅ ነው፤ ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን እያረሰ ነው። ያኔ ዲስኩ ወደ ቶርኖ ቤት ከመሄዱ በፊት በራሱ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት ይታይ፤ ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ ይቀየራል እንጂ አይላግም።

ሸራ ራሱም በአነዳድ ይበላሻል። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ሸራው ፊቱ እንደ መስታወት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ይጮሃል፣ መያዙም ይደክማል። ማርሽ ዝቅ ተደርጎ በሞተሩ መወረድ አለበት። የለሰለሰውን ፊት በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ለጥቂት ጊዜ ይረዳል፤ ላሜራ በሌለው ሸራ ላይ ግን ድምፁ ተመልሶ ይመጣል።

እንደገና እገዛዋለሁ ወይ? ሸራውን አዎ፤ የብረት ብናኝ ያለበት ሸራ ከሴራሚክ ከተሠራው ሸራ ይልቅ ድምፅ ቢወድም ለጎንደር ቁልቁለት ሙቀት መቻሉን እመርጥለታለሁ። ሳጥኑ ግን ገንዘብ ሳይቆጠር እዚያው ሱቁ ውስጥ ይከፈታል። አራት ሸራ፣ አራት ላሜራ፣ ክሊፖቹ ከነሙሉ ቁጥራቸው። «ላሜራ ድሮ ቀርቷል» ለሚለኝ ሻጭ የድሮውን አውጥቼ አሳየዋለሁ፤ ለብቻው ይሽጥልኝ ወይም ዋጋውን ይቀንስ።