ካታን ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ አምስተኛው ሰው የት ይቀመጥ?

ካታን የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የገዛሁት በገና ሰሞን ነው። እሑድ እሑድ ማታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ለሚሰበሰቡት ጓደኞቼ የሚሆን ነገር ፈልጌ ሱቅ ስገባ፣ ሻጩ ልጅ ሳጥኑን አንስቶ "ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ የለም" አለኝ። ከ40 ዶላር በላይ ከፍዬ ወጣሁ። ሳጥኑ ላይ "ከ3 እስከ 4 ተጫዋች" ይላል። አይቼዋለሁ፤ ቁም ነገር ግን አልመሰለኝም። ዛሬ ስለ ካታን የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ቀድሜ የምነግረው ያቺን መስመር ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ 19 ባለ ስድስት ማዕዘን ካርቶኖች ተገጣጥመው ደሴት ይሠራሉ። ጫካው እንጨት፣ ማሳው ስንዴ፣ ግጦሹ ሱፍ፣ ኮረብታው ጡብ፣ ተራራው ማዕድን ይሰጣል፤ አንዱ በረሃ ነው፣ ምንም አይገኝበትም። ሁለት ዳይስ ይወረወራል፤ መሬቱ ላይ ያለው ቁጥር ሲወጣ እዚያ ዳር መንደር ያለው ካርድ ይወስዳል። በካርዱ መንገድ፣ መንደርና ከተማ ይሠራል። ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ አሸነፈ። የጎደለህን ደግሞ ከሌላው ለምነህ፣ ተከራክረህ ትለውጣለህ። እኛን የያዘን ይኼ ክርክር ነው። እኛ ቤት ሱፍ የሚል የለም፣ "በግ" ነው የምንለው።

"ሁለት በግ ልስጥህ፣ አንድ ጡብ አምጣ።"

"ወንድሜ፣ በፋሲካ ማግስት በግ ምን ያደርግልኛል?"

በሳምንት ስድስት ቀን በእንግሊዝኛ "እሺ ጌታዬ፣ እሺ እመቤቴ" ሲል የሚውል ሰው እሑድ ማታ እንዲህ ሲከራከር መስማት ለኔ ከዋጋው በላይ ነው። ጋሼ የምንላቸው ታላቃችን አገር ቤት የሒሳብ መምህር ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀት አውጥተው አስተማሩን፤ ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወጣጥ አለው፣ 6ቱ 7 ይሰጣሉ፣ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው 5 ጊዜ፣ 2 እና 12 ግን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲህ 12 ላይ መንደር የሚሠራ የለም።

ካርዶቹ ጫፋቸው ትንሽ ሳስቷል እንጂ ደህና ናቸው። ሌላው ዕቃም ምንም አልሆነም።

ነገሩ የመጣው በየካቲት ነው። ነርስ የሆነችው ጓደኛችን ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ ማታ ሥራ ነበረች፤ ፈረቃዋ ተቀየረላትና ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። አራታችን ሰሌዳውን ዘርግተን ጀምረናል። "ተጫወቱ፣ ተጫወቱ፣ እኔ ቡናውን ላፍላ" አለች። አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ተጠጣ። በረካው ተቀድቶ ሲኒው ሲታጠብ መሪው ገና 8 ነጥብ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት የናፈቅናት ልጅ ስልኳን እያየች ሶፋው ጥግ ተቀምጣለች። ያን ማታ ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም።

ሰፈራችን የቆርኪ ዳማ ስንጫወት ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ አስር ሰው ይከባል። ከባቢው ይመክራል፣ ይጮኻል፣ "እሱን አትንካው!" ይላል። ደግሞም አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተሸናፊ ይነሳና "ቀጣይ ነኝ" ያለው ይቀመጣል። በዳማ የሁለት ሰው መቀመጫ ለመንደር ይበቃል። ካታን ላይ ግን ተሸናፊ አይነሳም፤ እስከ መጨረሻው ማንም ከጨዋታ አይወጣም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትልቅ ጸጋው ያወድሰዋል፣ ለተቀመጠውም እውነት ነው። ለቆመው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የሚለቀቅ ወንበር የለም ማለት ነው።

ያልሞከርነው የለም። ለአምስተኛ ሰው ጥሬ ቡና መንገድ፣ ሽምብራ መንደር አደረግን። ደሴቱ ላይ መንደር የሚያርፍባቸው 54 ማዕዘኖች አሉ፤ አጠገብ ለአጠገብ መሥራት ስለማይፈቀድ አምስት ሰው ሁለት ሁለት መንደር ተክሎ ሲነሳ መፈናፈኛ ጠፋ። ከየዓይነቱ ያለው ካርድ 19 ብቻ ነው፤ መሀል ላይ ጡብ አለቀ። አቆምን። ቀጥሎ ነርሷንና ጋሼን በአንድ ቀለም አጣመርናቸው። ሦስት እሑድ ሠራ። በአራተኛው፣ ቀስ ብላ፣ ማንንም ላለማስከፋት ነው የተናገረችው፦ "እሳቸው ያስባሉ፣ እኔ ዳይስ እወረውራለሁ።" ልክ ነበረች።

በሰኔ ማስፋፊያውን ገዛሁ። ለ5 እና ለ6 ሰው የሚሆን ነው፤ 11 ተጨማሪ መሬት፣ ለሁለቱ ተጨማሪ ተጫዋቾችም አረንጓዴና ቡናማ መጫወቻ አለው። የሚገዛ ካለ እትሙ ከመጀመሪያው ሳጥን ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጥ፤ እኔ ቀድሜ ከአንድ ሰው ያገለገለ ገዝቼ የካርዶቹ ጀርባ ስለማይመሳሰል ማን ምን እንደያዘ ከሩቅ ይለይ ነበር። ያ ገንዘብ ባክኖ ቀረ። አዲሱን ስገዛ ደግሞ እንደገና የመጀመሪያውን ሳጥን ያህል ከፈልኩ።

እዚህ ላይ ያ ሻጭ ልጅ ፊቴ ይመጣል። "ማስፋፊያ እንዳለ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል" እንደሚለኝ አውቃለሁ። "አራት ሰው ለብዙ ቤት በቂ ነው" እንደሚለኝም አውቃለሁ። ልጄ፣ ለቤተሰብ ስትለኝ የትኛውን ቤተሰብ አስበህ ነው? "እሑድ ማታ ቤትህ ስንት ሰው ይመጣል?" የምትል አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ፣ ሁለቱንም ሳጥን ያኔውኑ ይዤ እወጣ ነበር፤ ያቺም ልጅ አራት ወር ሶፋ ላይ ባልተቀመጠች። ጨዋታውን የፈጠረው ክላውስ ቶይበር የጥርስ ቴክኒሻን ነበር፤ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር እየሞከረ ነው ያበጀው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጀርመን ወጥቶ በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተባለ። ማስፋፊያው በ1996 ተከተለ። አምስተኛ ሰው እንደሚመጣ ከመነሻው ታውቋል ማለት ነው። ታዲያ ለእንግዳ የሚሆነውን ወንበር ለብቻው መሸጥ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

በማስፋፊያው ጨዋታው ይረዝማል፤ ስድስት ስንሆን ከሁለት ሰዓት ያልፋል፣ ንጋት ላይ ሥራ የሚገባ ሰው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። በኔ እትም በየተራው መጨረሻ ሌላውም እንዲገነባ የሚፈቅድ ደንብ አለ፤ መጠበቁን ያቀለዋል፣ አያጠፋውም። ቢሆንም አራት ሆነን ከምንጨርሰው ስድስት ሆነን ሳንጨርስ የምናቆመው ይሻለኛል። ቤታችሁ ሰው የሚበዛ ከሆነ ሁለቱን ባንድ ላይ ግዙ፤ ለሁለቱ የሚበቃ ገንዘብ ከሌላችሁ ጠብቁ። የመጀመሪያውን ብቻ ገዝታችሁ ሰው አትጥሩ።

ነርሷ አረንጓዴውን ወሰደች፤ መጀመሪያ ባሸነፈችበት ማታ መንደሮቿን አንድ በአንድ ቆጥራ ነው ወደ ከረጢቱ የመለሰቻቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ሥራ ጠሯትና ቀረች። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ የአክስቴ ልጅ ከእኛ ጋር ነበር፤ እጁን ወደ አረንጓዴው ከረጢት ሲሰድ ጋሼ ቀስ ብለው ያዙትና ቡናማውን አስጨበጡት።

"እሱ ባለቤት አለው" አሉት።