የሐረጎ ዳገት ላይ ጉልበት የከዳውን ባለ ቱርቦ ላንድክሩዘር ላዳኑት ለኮምቦልቻው መካኒካችን

ምስጋናችንን ጀባ ብለናል ጋሼ! ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር (ሁለቱም ለሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገቡ ናቸው) አስጨምራችሁ መኪናው ዳገት ላይ የሚልፈሰፈስባችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ፣ የባቲና የወልድያ ሰዎች እኚህን ባለሙያ እወቋቸው። ስምና ስልካቸውን ሳናስፈቅድ አደባባይ ላይ አናወጣም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን ግን ጋራዡን እናሳያለን።

መኪናው 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ነው፦ 4,164 ሲሲ፣ 6 ሲሊንደር፣ ናፍጣ። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የለውም፤ ቱርቦውና ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ሕመሙ ይህ ነበር፦ ሜዳ ላይ ባዶውን ሲሄድ ምንም አይታወቅበትም። ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ሲያያዘው ግን በ3ኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት 2ኛ ይጠይቃል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ያንቦለቡላል፣ 0.7 ባር ይደርስ የነበረው የቱርቦ ግፊት መለኪያ 0.3 ላይ ይቆማል፣ የጭስ ሙቀቱ ደግሞ ከ700 ዲግሪ ያልፋል።

ቀድመው ያዩት እጆች ሁለት ፍርድ ሰጥተው ነበር፦ ወይ «ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየር»፣ ወይ «የናፍጣ ፖምፓው ይከፈትና ናፍጣ ይጨመርለት»። ሁለተኛው ሞተር የሚያስቀብር ምክር ነው። ጥቁር ጭስ ማለት የሚገባው ናፍጣ ካለው አየር በልጧል ማለት ነው። በዚህ ላይ ናፍጣ ሲጨመር ሙቀት እንጂ ጉልበት አይመጣም፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ይሰነጠቃል፣ ፒስቶን ይቀልጣል። በተለይ በዚህ መኪና ፖምፓ ላይ የቱርቦን ግፊት አንብቦ ናፍጣ የሚቀንስ ነገር ስለሌለ አየሩ ቢጠፋም ናፍጣው እንደተረገጠው መጠን መግባቱን ይቀጥላል።

ጋሼ ግን «አብሽሩ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ መጀመሪያ አየሩ የት እንደሚያመልጥ እንፈልግ» አሉ። የጠየቁት የጭሱን ቀለም ነበር። ጉልበት ጠፍቶ ጭስ ከሌለ ናፍጣ አነሰ ማለት ስለሆነ ወደ ናፍጣ ፊልትሮና መስመሩ ይኬዳል፤ ጥቁር ጭስ ካለ ወደ አየር። የአየር ፊልትሮውን አወጡ፤ ንጹህ ነው። የቱርቦውን ዘንግ በጣት ያዙት። ጥቂት ወደ ጎን መወዝወዙ ደንብ ነው፣ ዘንጉ የሚንሳፈፈው ዘይት ላይ ነውና፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን በእጅ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ሊኖረው አይገባም፣ ምላጩም ቤቱን መፋቅ የለበትም። ሁለቱም ደህና። ይቀየር የተባለው ቱርቦ ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን። የቱርቦውን መግቢያ የሚመጥን የፕላስቲክ ቧንቧ ክዳን ወስደው መሃሉን በሱ፤ የጎማ መንፊያ ቫልቭ ተከሉበት፤ በክላምፕ አሰሩት። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኮምፕሬሰር በመቆጣጠሪያ የተመጠነ 0.6 ባር አየር ለቀቁበት። ከዚህ ብዙ መጨመር አይገባም፤ የቱርቦውን የዘይት ማኅተም ይገፋል። ቫልቮላ ተከፍቶ የቆመ ሲሊንደር ስለማይጠፋ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጥቂት ፉጨት መስማት ያለ ነው፤ ሲበዛ ሞተሩን በእጅ ትንሽ አዙሮ መድገም ነው። ቀጥሎ የሳሙና ውሃ በየመገጣጠሚያው ረጩ።

ከኢንተርኩለሩ፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ማኒፎልድ በሚገባው ቱቦ ሥር፣ ከላይ በማይታየው ወገን፣ አረፋው ፈላ። ቱቦው የራዲያተር ቱቦ ነው። የራዲያተር ቱቦ ለውሃ እንጂ ለዘይት አልተሠራም፤ ከቱርቦ የሚመጣው ቀጭን የዘይት ጉም ጎማውን ያለሰልሰዋል፣ ግፊት ሲመጣ ያብጣል፣ ስንጥቁም ያኔ ይከፈታል። ሞተሩ ሥራ ፈቶ ሲዞር ግፊት ስለሌለ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ቆሞ የፈተሸ ሁሉ ያላገኘው ለዚህ ነው።

አንዱን አግኝተው አልቆሙም። ዌስትጌት በሚሉት የትርፍ ጭስ በር አንቀሳቃሽ ላይ መለኪያ ያለው የእጅ ፖምፓ አስገብተው ሲነፉት ዘንጉ በ0.2 ባር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ለዚህ አገጣጠም ከ0.5 በፊት መነቃነቅ አልነበረበትም። የአንቀሳቃሹ መያዣ ቡሎኖች ላልተው ቦታውን ስቷል፤ በሩ ቀድሞ እየተከፈተ ቱርቦውን ማዞር የነበረበት ጭስ በጎን ያልፋል። መያዣውን መልሰው አጥብቀው ዘንጉን እንደገና ለኩ።

ቱቦው ባለ 4 ድርብ የሲሊኮን ቱቦ ሆነ፤ ክላምፑም ተራው ሳይሆን ሰፊ፣ በቡሎን የሚጠብቅ። የብረቱ ጫፍ ጠርዝ እንዲኖረው ተደርጎ ክላምፑ ከጠርዙ ኋላ ታሰረ፤ ከመግባቱ በፊት ዘይቱ በቤንዚን ተጠርጎ ደረቀ፣ አለበለዚያ ያንሸራትታል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ቀዝቅዞ እንደገና ተጠበቀ። ሐረጎን በዚያው ጭነት በ3ኛ ማርሽ ወጣው፦ ግፊት 0.68፣ ሙቀት ከ600 በታች፣ ጭሱም ማርሽ ሲቀየር ብቻ ብልጭ የሚል። የእጅ ዋጋቸው ደግሞ የግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ የወጣውን አሮጌ ቱቦም አስረክበዋል።

አንድ ነገር አስረድተውናል፣ ለሁላችንም የሚጠቅም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል 1 ባር ገደማ ሲሆን ኮምቦልቻ ወደ 0.8፣ ደሴ ወደ 0.75 ይወርዳል። መለኪያው የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ቦታ 0.7 ቢል ደሴ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ያንሳል። ደሴ ላይ ጥቂት ጉልበት መቀነሱ ብልሽት አይደለም፤ ለሱ ብላችሁ ዌስትጌቱን አታስጨንቁ።

ሱፐርቻርጀር ያስገጠማችሁም የአየር ፈተናው ያው ነው። ልዩነቱ እሱን የሚያዞረው ጭስ ሳይሆን ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ግፊቱ እስከ መካከለኛ ዙር ወጥቶ ከዚያ ከወረደ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፤ ፊቱ እንደ መስታወት ካበራ ወይም ዘይት ከነካው ይቀየር፣ መወጠሪያውም ይታይ። ግፊት ጭራሽ ካልመጣ አየሩን ወደ ኋላ የሚመልሰው ቫልቭ ተከፍቶ ተጣብቆ እንዳይሆን በእጅ አንቀሳቅሱት። ቤንዚን ሞተር ጉልበት አጥቶ በዚያ ላይ ካንኳኳ እግር ማንሳት ነው፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር በግፊት ላይ ፒስቶን ይበሳል።

የናፍጣ ፖምፓ ራሳቸው አይፈቱም፤ መሞከሪያ ማሽን ወዳለበት ይልካሉ፣ ይህንንም ፊት ለፊት ይናገራሉ። ስትሄዱ ሞተሩን አሳጥባችሁ አትሂዱ። አየር በሚያመልጥበት ቦታ የዘይት ጉሙ አቧራ ይዞ ጥቁር ዱካ ይተዋል፤ ጋሼ በመጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።